ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወርቅ የማውጣት ሥራ፦ ጥቅሙ፣ አሠራሩና ጥንቃቄው

ከጎንደር በስተደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጠዳ የጤና ባለሙያዎችን በሚያሠለጥነው ኮሌጇ የምትታወቅ፣ በጎንደር ከተማ አስተዳደር በአዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ሥር የምትጠቃለል ሥፍራ ናት። ኮሌጅ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ባለበት ሁሉ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ክፍል አይጠፋም። ይህ ክፍል የሚከፈተው በዓመት አንድ ጊዜ፣ የንብረት ቆጠራ ሲደርስ ነው። ቆጣሪዎቹ አቧራውን እያራገፉ የመለያ ቁጥሩን ይመዘግባሉ፤ አገልግሎት የማይሰጥ መሆኑን ያመለክታሉ፤ በሩም ተመልሶ ይቆለፋል።

በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል የሚገኘው ንብረት የአገሪቱን የመረጃ ቴክኖሎጂ ጉዞ በቅደም ተከተል ያሳያል ማለት ይቻላል። ከሥር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የወረዳ ኔትና የስኩል ኔት ፕሮግራሞች በተስፋፉበት ወቅት የተገዙ፣ ጀርባቸው ረጅም የሆነ ሞኒተሮችና ከባድ የኮምፒዩተር ሳጥኖች አሉ። በዚያው ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት ትምህርት ያደርሱ ከነበሩት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች መካከል የተበላሹትም ተደርድረዋል። ከላይ ፕሪንተሮች፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች፣ ያበጠ ባትሪ የያዙ ዩፒኤሶች፣ በቅርብ ዓመታት የተበላሹ ላፕቶፖች ይታያሉ።

ይህ ክምችት ለረጅም ጊዜ ቦታ ከመያዙ በስተቀር የሚያነጋግር ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ እያለ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አንድ የትሮይ አውንስ (31.1 ግራም) ከ4,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተርና ከእጅ ስልክ ወርቅ ስለማውጣት የሚወራው ወሬም በዚያው ልክ ጨምሯል። በኢንተርኔት የሚለቀቁ ተንቀሳቃሽ ምስሎች አንድ ሰው በጓሮው፣ በፕላስቲክ ባልዲና በሁለት ጠርሙስ አሲድ፣ የወርቅ ፍሬ ሲያነጥር ያሳያሉ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ የሚያሳዩት ግን ግማሹን ብቻ ነው። በባልዲው ውስጥ የቀረው ፈሳሽ የት እንደሚደፋ አያሳዩም።

በኮምፒዩተር ውስጥ ወርቅ መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ወርቅ ስለማይዝግና ኤሌክትሪክን በሚገባ ስለሚያስተላልፍ፣ በማዘር ቦርድ፣ በሜሞሪ ካርድና በፕሮሰሰር መገናኛዎች ላይ በስስ ይለበጣል። በጥገና ባለሙያዎች አጠራር ቦርድ የሚባለው አረንጓዴ ሰሌዳ ከወርቅ በተጨማሪ ብርና ፓላዲየም ይይዛል፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ደግሞ መዳብ ነው። አንድ ቶን የኮምፒዩተር ቦርድ 200 ግራም ያህል ወርቅ ሲኖረው፣ በማዕድን ማውጫ ከአንድ ቶን አለት የሚገኘው ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ግራሞች አይበልጥም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 ለተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሜዳሊያዎችን የሠራችው ሕዝቧ ካዋጣው አሮጌ ዕቃ ነበር። ለዚሁ 79,000 ቶን ያህል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና ከ6 ሚሊዮን በላይ የእጅ ስልክ ተሰብስቦ 32 ኪሎ ግራም ወርቅ፣ 3,500 ኪሎ ግራም ብር ተገኝቷል።

ቁጥሮቹ ሲሰሙ ያጓጓሉ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ሲመለሱ ግን መልካቸው ይለወጣል። በመጋዘኑ 100 አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ ቢባልና ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ቦርድ ቢወጣ፣ ጠቅላላው 50 ኪሎ ግራም ይሆናል። በቶን 200 ግራም በሚለው ስሌት በውስጡ ያለው ወርቅ 10 ግራም ነው፤ ይኸውም የሁለት ወይም የሦስት የጋብቻ ቀለበት ክብደት መሆኑ ነው። ከወርቁ ጋር 10 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንዳችም ሳይባክን ቢወጣ ነው።

እንግዲህ ወርቁ እንዴት ይወጣል? አሠራሩ በመሠረቱ ለማንም የቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። ጌሾ በውሃ ሲዘፈዘፍ ምሬቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ቅጠሉና እንጨቱ አተላ ሆኖ ይቀራል። ከቦርድ ብረት የሚወጣበት ዘዴም ይኸው መዘፍዘፍ ነው። ልዩነቱ የሚዘፈዘፈው የተፈጨ ቦርድ፣ የሚዘፈዘፍበትም አሲድ ወይም ሌላ ብረት አሟሚ ኬሚካል መሆኑ ላይ ነው። ጠጣሩ ይቀራል፤ ብረቱ ቀልጦ ሳይሆን ተሟሙቶ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ከዚያም ብረቱን ከፈሳሹ መልሶ መያዝ ያስፈልጋል። ችግሩም ብልሃቱም ያለው በዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀመረው በመፍታት ነው። ባትሪዎች፣ ማቀዝቀዣ አሉሚኒየሞችና ትልልቅ ክፍሎች ከቦርዱ ላይ ይነቀላሉ። ቦርዱ ተቆራርጦ ይፈጫል፤ ብረት ያለበት ክፍል በማግኔት ይለያል። ቀጥሎ መዳቡ ይወጣል። ለዚህ የተለመደው የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውህድ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጤና ተቋማት ቁስል ለማጠብ የሚያገለግለው ፈሳሽ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ግን ከዚያ እጅግ የበረታው ዓይነት ነው። ፈሳሹ መዳቡን ሲያሟሙ ቀለሙ ሰማያዊ ይሆናል፤ ወርቁን ግን አይነካውም። መዳቡ አስቀድሞ ካልወጣ ወርቁን ለማሟሟት የተዘጋጀውን ውድ ኬሚካል ራሱ ይጨርሰዋል፤ በቅደም ተከተል መሠራቱም ለዚሁ ነው።

ወርቅ ለተራ አሲድ አይበገርም። የጎንደር አንጥረኛ የቀረበለትን ጌጥ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ ናይትሪክ አሲድ ጠብ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው፤ ነሐስ ከሆነ መስመሩ ይጠፋል፣ ጥሩ ወርቅ ከሆነ ይቆያል። ወርቅን የሚያሸንፈው ናይትሪክ አሲድ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር፣ አንድ እጅ ለሦስት እጅ ሲቀላቀል ነው። የጥንት ኬሚስቶች ይህን ድብልቅ ንጉሣዊ ውሃ ብለው ሰይመውታል። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ሲይዝ፣ በኮፐንሃገን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቬሲ በአደራ የተቀመጡለትን የሁለት ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች የኖቤል ሜዳሊያዎች በዚሁ ውሃ አሟሙቶ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጧቸዋል። ወታደሮቹ ጠርሙሱን ልብ አላሉትም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ተመልሶ፣ የኖቤል ተቋም ሜዳሊያዎቹን እንደገና አስቀርጾ ለባለቤቶቹ ሰጥቷል።

ከንጉሣዊ ውሃ ሌላ በኢንዱስትሪ በስፋት የሚሠራበት ሳያናይድ ነው። ሳያናይድ በጣም በቀጠነ መጠን እንኳ ወርቅን ያሟማል፤ በዚያው ልክ ገዳይ መርዝ ነው፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወደ መርዘኛ ጋዝ ይለወጣል። ለአካባቢ የሚሻሉ ተብለው የሚመረመሩ ታዮሰልፌትና ታዮዩሪያ የተባሉ ኬሚካሎችም አሉ፤ ዋጋቸውና ቶሎ የሚበላሹ መሆናቸው አጠቃቀማቸውን ገድቦታል። ወርቁ በአንዱ ከተሟሟ በኋላ ዚንክ በመጨመር፣ በነቃ ከሰል በመምጠጥ፣ በኤሌክትሪክ ወይም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት በተባለ ዱቄት አማካይነት ወደ ጠጣርነት ይመለሳል። በመጀመሪያ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ፍሬ ሳይሆን የቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ዱቄት ነው። ቀልጦ ሲፈስ ነው ወርቅነቱ የሚለየው።

ኢትዮጵያ ወርቅን በኬሚካል በማሟሟት ረገድ አዲስ አይደለችም። በጉጂ ዞን የሚገኘው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲሠራ የቆየው በሳያናይድ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአካባቢው ነዋሪዎች በጤናቸው ላይ ጉዳት ደርሷል በማለት ያሰሙት ተቃውሞ ከበረታ በኋላ የማዕድን ሚኒስቴር የድርጅቱን ፈቃድ ማገዱ ይታወሳል፤ ሥራው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ፈቃድ፣ መሐንዲሶችና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ግድብ ባለው ትልቅ ማዕድን ላይ ነው። ተመሳሳይ ኬሚካል በመኖሪያ መንደር ውስጥ ቢገባ ሊከተል የሚችለውን ከዚህ መገመት አያዳግትም።

የጓሮ ሥራ የሚያስከትለውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከላይ የተጠቀሰው 50 ኪሎ ግራም ቦርድ፣ በቤተ ሙከራ በተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ዱቄት 10 ሊትር አሟሚ ቢደረግለት፣ ለአንዱ ደረጃ ብቻ 500 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ይህም 25 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ወርቁ ከወጣ በኋላ በጀሪካኖቹ የሚቀረው አሲድ ብቻ አይደለም፤ መዳብ፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮና እርሳስም በፈሳሹና በአተላው ውስጥ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እርሳስን የሚገድበውን ደንብ በሥራ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ ነው። በወረዳ ኔት ዘመን የተገዙት ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠሩ በመሆናቸው ብየዳቸው በእርሳስ ነው። በአንጻሩ የዚያ ዘመን ቦርዶች የወርቅ ልባጣቸው ከዛሬዎቹ ይልቅ ወፍራም ነው። ብዙ ወርቅ ያለው ሣጥን ብዙ እርሳስም አለው ማለት ነው።

አሲዱን በኖራ ማርከስ አይቻልምን? ይቻላል፤ ብረቶቹ ግን አይጠፉም። ኖራው ሲገባ በጭቃ መልክ ይዘቅጣሉ፤ ያ ጭቃ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ ውሃ በማያሳልፍ ጉድጓድ ተለይቶ መቀበር ይኖርበታል። በጓሮ የሚሠራ ሰው ይህን ሲያደርግ አይታይም። የቀለለው በቦይ መልቀቅ ነው። ከጠዳና ከአዘዞ አካባቢ የሚወርደው ውሃ ደግሞ በመገጭና በሌሎች ወንዞች አማካይነት የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። በዚያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፣ ከብት ይጠጣል፣ ከሐይቁም ዓሣ ይሰገራል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ መስፈሩም አይዘነጋም። መዳብ በጥቂት መጠን እንኳ ዓሣን ይጎዳል፤ እርሳስ ደግሞ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የማይመለስ ነው።

ይህ በሌላው ዓለም የታየ ነው። በደቡብ ቻይና የምትገኘው ጉዪዩ ከተማ ለረጅም ዓመታት ቦርድ በከሰል ምድጃ ላይ የሚቀቀልባት፣ በወንዝ ዳር በንጉሣዊ ውሃ የሚዘፈዘፍባት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የከተማዋን ሕፃናት ደም መርምሮ በአማካይ በዴሲ ሊትር 15.3 ማይክሮ ግራም እርሳስ አግኝቷል፤ ይህ ሥራ በሌለባት ጎረቤት ከተማ የተገኘው 9.94 ነበር። የቻይና መንግሥት ሥራውን ከመንደር አውጥቶ ወደ አንድ የኢንዱስትሪ ቀጠና ያስገባው ከብዙ ጉዳት በኋላ ነው።

ከጤናው ጉዳት ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው የኪሳራው ጉዳይ ነው። በሕንድ ባንጋሎር በጓሮ አሲድ የሚሠሩ ሰዎችን አሠራር የተከታተሉ ባለሙያዎች፣ በቦርዱ ውስጥ ከነበረው ወርቅ የሚያወጡት ሩቡን ያህል ብቻ መሆኑን ደርሰውበታል። በዘመናዊ ማጣሪያ የሚወጣው ከ95 በመቶ በላይ ነው። በዚህ ስሌት ከ100 ኮምፒዩተር ይጠበቅ የነበረው 10 ግራም፣ በጓሮ 2 ግራም ተኩል ገደማ ይሆናል። ቀሪው ከአተላው ጋር ይደፋል። ለሁለት ግራም ተኩል ወርቅ 25 ጀሪካን መርዝ ማምረት ለማንም የሚያዋጣ ሥራ አይመስልም፤ የሚያዋጣ የሚመስለው ፈሳሹን የማስወገዱ ወጪ በጎረቤት ላይ ስለሚጣል ነው።

ትላልቆቹ ማጣሪያዎች በዓለም ላይ የሚቆጠሩ ናቸው። በቤልጂየም ሆቦከን የሚገኘው የዩሚኮር ፋብሪካ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቶን የተለያየ ግብዓት ተቀብሎ በርካታ ዓይነት ብረቶችን ያወጣል። በመጀመሪያ የሚያቀልጠው በእሳት ነው፤ ወርቁና ብሩ ከመዳቡ የሚለዩት ግን በኋላ በማሟሟት ነው። የብሪታንያ የሳንቲም ማምረቻ የሆነው ሮያል ሚንትም እ.ኤ.አ. በ2024 በዌልስ ያለ እሳት፣ በክፍል ሙቀት ወርቅን ከቦርድ የሚያሟማ ፋብሪካ ሥራ አስጀምሯል፤ በዓመት 4,000 ቶን ቦርድ የመቀበል አቅም አለው። እነዚህ ፋብሪካዎች ጋዙንም ፈሳሹንም ይዘው ያክማሉ፤ ለዚህ የሚያወጡትን ወጪ መሸፈን የሚችሉትም በሺህ የሚቆጠር ቶን ስለሚያገኙ ነው። 50 ኪሎ ግራም ይዞ እነርሱን ለመምሰል መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ይሁን እንጂ ትላልቆቹ ፋብሪካዎች አንድ ድክመት አላቸው። ዕቃውን ሳይፈቱ በማሽን ሲፈጩት የከበሩት ብረቶች ከፕላስቲኩና ከብረቱ ብናኝ ጋር ተደባልቀው ይባክናሉ። በእጅ ተፈትቶ፣ ቦርዱ ሳይሰበር የተለየ ዕቃ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በአውሮፓ የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ በእኛ አገር ሥራ የሚፈልግ ወጣት አለ። በመሆኑም በመስኩ የተሰማሩ ተመራማሪዎች ለታዳጊ አገሮች የሚመክሩት መፍታቱና መለየቱ በአገር ውስጥ በእጅ እንዲከናወን፣ ኬሚካሉ ግን ቆሻሻውን ማከም በሚችል ማጣሪያ እንዲሠራ ነው። ለጠዳም የሚስማማው ድርሻ ይኸው ነው።

የመፍታቱ ሥራ የሚጠይቀው ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የአቧራ መከላከያና ጣሪያ ያለው በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል ነው። ከአንድ ኮምፒዩተር የሚወጣው ብረት፣ አሉሚኒየምና የመዳብ ሽቦ በአገር ውስጥ ገዢ አለው። ሽቦው ግን በምንም ምክንያት መቃጠል የለበትም፤ ልባጡ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይዟል። በቢላ መግፈፍ ጊዜ ቢወስድም የመዳቡንም ዋጋ ይጠብቃል። ጀርባቸው ረጅም የሆኑት ሞኒተሮች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የአንዱ መስተዋት ብቻ ከአንድ ኪሎ ግራም ያላነሰ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። በጠፍጣፋዎቹ ሞኒተሮች ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መብራቶች ሜርኩሪ ስላለባቸው ሳይሰበሩ መውጣት አለባቸው።

በአገራችን ይህን አሠራር የመጀመር ሙከራ ተደርጓል። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን የሚያድስና ባለሙያ የሚያሠለጥን ማዕከል፣ ከእርሱም ጋር የማይጠገኑትን የሚፈታ ተቋም በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት ከፓን ኢትዮጵያ ጋር ሆኖ ያካሄደው ጥናት፣ ኢትዮጵያ እንደ ጋናና ናይጄሪያ ያረጀ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በብዛት የሚራገፍባት አገር አለመሆኗን አመልክቷል። የሚያሳስበው ግኝት ሌላ ነው፤ አገልግሎት ያበቃው ዕቃ በብዛት የተከማቸው በመንግሥት ተቋማት መጋዘን ውስጥ መሆኑንና ለዚህም አንዱ ምክንያት የንብረት አወጋገድ ሥርዓቱ መሆኑን ጥናቱ አስገንዝቧል።

ምክንያቱ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ግልጽ ነው። በሞዴል 19 የገባ ንብረት በሞዴል 22 ካልወጣ በስተቀር በኃላፊው ስም ይቆያል። የተበላሸ ኮምፒዩተር ለማስወገድ የባለሙያ ማረጋገጫ፣ የአስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ፣ የዋጋ ግምትና ጨረታ ያስፈልጋል። በሒደቱ ስሕተት ቢገኝ ኦዲተር ይጠይቃል፤ ዕቃው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠራተኛ በሩን መቆለፍ ይመርጣል። ይህ ስንፍና ሊባል አይገባውም። ሥርዓቱ የሚያስከትለው ነው።

ሆኖም ዕቃው በጨረታ ሲወጣም ችግሩ አይፈታም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በተለመደው አሠራር ዕቃው በጅምላ ተደርድሮ ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠ ይሸጣል። ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጠው ደግሞ ለአደገኛው ክፍል ምንም ወጪ የማያወጣው ገዢ ነው። ብረቱንና መዳቡን ይወስዳል፤ የሞኒተሩን መስተዋት መዳቡን ለማውጣት ሰብሮ ይጥላል፤ ቦርዱ እጅ በእጅ እየተሸጠ፣ ከቆራሌው ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያም ማን እንደሚዘፈዝፈው ወደማይታወቅበት ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ያገኘው ጥቂት ሺህ ብር በሒሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ ይታያል።

ሕጉ ይህን ለማስተካከል በቂ መነሻ አለው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 425 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን አያያዝና አወጋገድ ለብቻው የሚመለከት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን ይቆጣጠራል። አገሪቱ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የባዝል ስምምነት አባል ናት። በዚህ ስምምነት ላይ በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አደገኛ የሆነም ያልሆነም ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩና ዕቃው የሚያልፍባቸው አገሮች አስቀድመው በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። ቦርድ ወደ ውጭ ማጣሪያ መላክ የሚፈልግ ሁሉ በዚህ በኩል ማለፍ ግዴታው ነው።

እዚህ ላይ የመጠን ጥያቄ ይነሣል። አንድ ሙሉ ኮንቴይነር 20 ቶን ቦርድ ይይዛል ቢባል፣ በውስጡ 4 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ይኖራል፤ ይህ ለጉዞውና ለሰነዱ ወጪ የሚበቃ ነው። ያን ያህል ቦርድ ለመሰብሰብ ግን 40,000 ኮምፒዩተር መፈታት አለበት። ጠዳ ብቻዋን፣ ጎንደርም ብቻዋን ይህን አታሟላም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚፈታውን በዞን፣ ከዚያም በክልል ደረጃ የሚያሰባስብ አንድ ፈቃድ ያለው ተቋም ከሌለ፣ እያንዳንዱ ኃላፊ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ቦርዱን የሚረከበው አያገኝም። ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞቹ ቁጥር ከ80 ሚሊዮን ማለፉን ባስታወቀበት አገር የእጅ ስልኩም በየዓመቱ ወደዚሁ ክምችት ይጨመራል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ሲሆን፣ በአፍሪካ ግን ይህ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

እስከዚያው በመሥሪያ ቤት ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ቆጠራው ሲደርስ ዕቃውን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በዓይነትና በክብደት መመዝገብ፣ ሊጠገን የሚችለውን አስቀድሞ ለይቶ ለትምህርት ቤት ማስተላለፍ፣ በጨረታ ሰነዱም ውስጥ ገዢው ደረጃውን የጠበቀ ፈቃድ እንዲያቀርብና አደገኛውን ክፍል የት እንዳደረሰ በሰነድ እንዲያሳይ ግዴታ ማስገባት ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጡት ባትሪዎች ናቸው። የዩፒኤስ ባትሪ በእርሳስና በሰልፈሪክ አሲድ የተሞላ በመሆኑ ተሰንጥቆ ወለሉን ሊያበላሽ ይችላል፤ ያበጠ የላፕቶፕና የስልክ ባትሪ ደግሞ በትንሽ ግጭት እሳት ይነሣበታል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን አይቀመጡም። የኮምፒዩተሮቹ ሃርድ ዲስክም የሠራተኛና የባለጉዳይ መረጃ ስለያዘ፣ ዕቃው ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ተነቅሎ በኮሚቴ ፊት መበሳትና ቃለ ጉባኤ ሊያዝበት ይገባል።